ጫጩት የታቀፈው አርአያ

ከስብሰባ ቶሎ ወጥቶ ቤቱ መግባት የሚፈልግ ሰው አፉን መክፈት የለበትም። ይህን የምለው ልመክራችሁ ፈልጌ አይደለም፤ እኔ ራሴ ምክር ሰምቼ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ዛሬ የግቢዬ በር ላይ «አርአያ ቤት» የሚል ቆርቆሮ ተሰቅሎ፣ የማላውቃቸው ሰዎች በአውቶቡስ እየመጡ ሳሎኔን የሚጎበኙት አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሰፈር ስብሰባ ላይ እጄን ስላወጣሁ መሆኑን እንድታውቁልኝ ያህል ነው።

ነገሩ የሆነው ሱሉልታ ነው። ሱሉልታ ይበርዳል። ቡራዩ የሚኖር ወንድሜ «እኛም ጋ ይበርዳል እኮ» ይለኛል፤ ታናሼ ስለሆነ ዝም እለዋለሁ። እኛ ጋ ሰዎች ጠዋት ተገናኝተው «አካም ቡልቴ?» ሲባባሉ እንኳ እጃቸውን ከጋቢ ውስጥ አያወጡም፤ በአገጫቸው ነው ሰላም የሚባባሉት።

በዚያ ቅዳሜ አዳራሽ የተሰበሰብነው ስለ መብራት ቁጠባ ልንወያይ ነው። መብራት አልነበረም። ከሐሙስ ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር የቁጠባ ባለሙያው አቶ ምትኩ መመሪያውን ያነበቡልን መስኮት ሥር ቆመው፣ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ እያዘነበሉ ነው። አቶ ምትኩ ክፉ ሰው አይደሉም። ክራቫታቸውን ሹራባቸው ላይ የሚያስሩ፣ ንግግራቸውን ሁሉ «ከዚህ አንጻር» በሚል ቃል የሚደግፉ ሰው ናቸው። እናታቸው ጋ ሲደውሉም «ከጤና አንጻር እንዴት ነሽ?» የሚሉ ይመስለኛል።

መመሪያው ከፌዴራል ሲነሳ፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ብዙ ኤሌክትሪክ የሚበሉት ቢጫ አምፖሎች ከየመኖሪያ ቤቱ ይውጡና ቆጣቢ አምፖል ይግባ። ማለፊያ ነገር ነው፤ ማንም አይቃወመውም። መመሪያ ግን መውረድ ከጀመረ በየደረሰበት መሥሪያ ቤት አንዳንድ ነገር ይጨመርበታል፤ ዝም ብሎ ያሳለፈው መሥሪያ ቤት ሥራ የፈታ እንዳይመስል። ሱሉልታ፣ እኛ ሰፈር ሲደርስ፣ በአንድ ክፍል ከአንድ አምፖል በላይ አይበራም፣ ልብስ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይተኮሳል፣ ክዳን የሌለው ድስት የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አይጣድም፣ ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው መብራት አጥፍቶ ያያል የሚል ሆኗል። መጋረጃም ነጣ ያለ እንዲሆን ያዛል።

«መጋረጃው ደግሞ ምን አደረገ?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

«ከብርሃን ነጸብራቅ አንጻር ነው» አሉ አቶ ምትኩ።

ኦቦ ቱፋ ተነሡ። ኦቦ ቱፋ ሰፈሩ ገና የእህል ማሳ ሳለ እዚያው የተወለዱ፣ ዛሬም ወተትና ድርቆሽ የሚሸጡ አዛውንት ናቸው። «ቁጠባውን ሰምተናል፤ ጋሪ ዳ፣ ጥሩ ነው» አሉ። «መብራቱስ መቼ ነው የሚመጣው? እንድንቆጥበው ነው የምጠይቀው።»

«ጥያቄዎ በጣም ጥሩ ነው፤ በሌላ መድረክ ይመለሳል» አሉ አቶ ምትኩ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው መጠየቅ ጀመረ። የግቢ በር መብራት ክፍል ነው ወይስ አይደለም? ሽንት ቤት መጋረጃ ያስፈልገዋል? እግሬ ደንዝዟል፣ ሆዴም ባዶ ነው። እጄን አውጥቼ «ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሁላችንም ስለተስማማን ወደ አፈጻጸም ብንገባ» አልኩ። እንዲህ ሲባል ስብሰባ እንደሚበተን ነበር የማውቀው። አቶ ምትኩ ግን ፊታቸው በራ። «ስለ አፈጻጸም ያነሡት ወንድማችን የአፈጻጸም ኮሚቴው አባል ይሁኑልን» ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ። ያጨበጨበው ወዶኝ አይደለም፤ እሱም ወደ ቤቱ መሄድ ፈልጎ ነው። ኦቦ ቱፋም በአገር ሽማግሌነት ተጨመሩ፤ አቶ ምትኩ ሰብሳቢ ሆኑ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ወይንሸት ሰርቪስ ክፍሉ ውስጥ ተንበርክካ፣ መብራት እስኪመለስ በሙቅ ውሃ ጠርሙስ የምታሞቃቸውን ጫጩቶቿን ውሃ ታጠጣለች።

«ኮሚቴ ሆንኩ» አልኳት።

«የምን ኮሚቴ?»

«ቢጫ አምፖል የሚነቅል።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ጫጩቶቹ አናት ላይ የተንጠለጠሉትን ሁለት ቢጫ አምፖሎች አየች፤ ከዚያ እንደገና እኔን አየች። እኔም ወደ ወጥ ቤት ገባሁ።

ጫጩት አሳድጋችሁ የማታውቁ ሰዎች ልትፈርዱብኝ ስለምትችሉ ትንሽ ላስረዳ። እናት የሌላት ጫጩት፣ ላባ እስክታወጣ ድረስ እናቷ ቢጫ አምፖል ነው። ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል የሚባለው ሙቀት ስለሚያወጣ ነው፤ ጫጩት ደግሞ የምትፈልገው ሙቀቱን ነው። ቆጣቢ አምፖል ደህና አድርጎ ያበራላታል፤ ሱሉልታ ላይ በደህና ብርሃን፣ በብርድ ትሞታለች።

ወይንሸት አበባ እርሻ ውስጥ ነበር የምትሠራው። ሠራተኛ ሲቀነስ እሷም ተቀነሰችና ጫጩት ማሳደግ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ መብራት ጠፍቶ አልቀውባታል። ካርቶኑን ብቻዋን ተሸክማ ወደ ጓሮ ስትሄድ ላግዝሽ ብላት እንቢ አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የዶሮ ነገር ከአፏ አልወጣም። የዚያን ቀን አንጀቴን በልታኛለች። ሁለተኛውን ዙር ስታመጣ «እነዚህ ካልሆኑልኝ በቃኝ፣ እተወዋለሁ» አለች። ወይንሸት በቃኝ ካለች እንደኔ አይደለችም፣ በቃት ማለት ነው። ስለዚህ እነዚያ ሠላሳ የማይሞሉ ቢጫ ፍጥረቶች ቤታችን ውስጥ ከእኔ በላይ ይከበሩ ነበር። አልተቀየምኩም።

ሰኞ ዕለት አቶ ምትኩን ራቅ አድርጌ ጠየቅኋቸው። «ለምሳሌ» አልኩ፣ «ለምሳሌ ነው እንግዲህ፣ ጫጩት ያለው ሰው ቢኖርስ?»

አቶ ምትኩ መመሪያውን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። «መመሪያው የሚያውቀው መኖሪያ ቤትን ነው። ጫጩት ማሳደግ ከዘርፍ አንጻር እርባታ ነው። መኖሪያ ቤት ውስጥ ከተገኘ፣ ዝርዝር አፈጻጸሙ እስኪወርድ ድረስ ጫጩቶቹ ጽሕፈት ቤት ገብተው ይቆያሉ።»

ጽሕፈት ቤታቸውን አውቀዋለሁ። አቶ ምትኩ ራሳቸው እዚያ የሚሠሩት ካፖርት ለብሰው ነው። «ለምሳሌ ያህል ነው» አልኩና ተለየኋቸው።

በዚያው ሰሞን የወይንሸት እህት ሰበታ ወለደች። የሚያርሳት ሰው ስላልነበረ ወይንሸት መሄድ ግድ ሆነባት፤ እኔ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ቤት ቀረሁ። ከመሄዷ በፊት ሰርቪስ ክፍሉ በር ላይ አቁማ አስተማረችኝ።

«ስማቸው» አለች። «አሁን ሞቋቸዋል፤ ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት። ሲበርዳቸው ድምፃቸው ይቀጥናል፣ ይንጫጫሉ። ስደውልልህ ስልኩን ወደነሱ አድርገው፤ እኔ እለየዋለሁ።»

«እኔን ብትጠይቂኝ አይሻልም?»

«አንተ ሁልጊዜ ደህና ናቸው ነው የምትለው። አደራ» ብላ ሄደች። አደራ የሚባለው ቃል እንዴት እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ፤ በተለይ ሰውየው ኮሚቴ ሲሆን።

ኮሚቴያችን ቤት ለቤት መዞር ጀመረ። አንድ ነገር ሳናስበው ቀርተናል፤ እኛ አገር ሰው ቤት በእግርህ ቆመህ ልትቆጣጠር አትችልም። «ኮታ፣ ግቡ፣ አረፍ በሉ» ይሉናል። ለሥራ ነው የመጣነው ብንል ማን ሰምቶን? ሻይ ይጣዳል፤ ምድጃው ቀይ እስኪሆን ይግላል። እንግዳ ጨለማ ውስጥ አይቀመጥም ተብሎ የሳሎኑ መብራት ሁሉ ይበራል፤ ዝም ብሎ መቀመጥም ይደብራል ተብሎ ቴሌቪዥን ይከፈታል። አንዱ ቤት ኦቦ ቱፋ አዛውንት ናቸው ተብሎ እግራቸው ሥር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተደረገላቸው፤ መመሪያው ጨርሶ የከለከለው ነገር ነው። ኦቦ ቱፋ እግራቸውን ዘርግተው «እኛ ባንመጣ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይበራም ነበር አይደል?» አሉ።

«ከመስተንግዶ አንጻር መመሪያው የሚለው ነገር የለም» አሉ አቶ ምትኩ፣ ሻያቸውን እያማሰሉ።

ሻዩ ሲያልቅ ይቅርታ ጠይቀን ቢጫ አምፖሎቹን እንፈታለን። ባለቤቶቹ ወንበር ይዘውልን ይቆማሉ። የሰበሰብናቸውን አምፖሎች ጽሕፈት ቤት ለማስቀመጥ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን አልተገኘምና ንብረት ያዥ እኔ ሆንኩ። ፌስታሉን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። የሰፈሩ ቢጫ አምፖል ሁሉ ቀስ በቀስ እኔ ቤት ተሰበሰበ።

አንድ ቀን ከጫጩቶቹ አምፖሎች አንዱ ተቃጠለ። ምን ላድርግ? ፌስታሉን ፈታሁና ከውስጡ አንዱን አወጣሁ። ብርዱ ሲጠነክር ሌላም ጨመርኩ። ከዚያ ሌላ። ሰርቪስ ክፍሉ ሠርግ ቤት መሰለ። ጫጩቶቹ ቀስ ብለው ያወራሉ፣ ወይንሸት ሰበታ ሆና በስልክ ትሰማቸዋለች፤ «ጎበዝ» ትለኛለች። በትዳራችን ብዙ ጊዜ የምሰማው ቃል ስላልሆነ ደስ ብሎኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኦቦ ቱፋ ወተት ይዘው መጡ። ሳያንኳኩ ወደ ሰርቪሱ ዘው አሉና ቆመው ቀሩ። አንደኛውን አምፖል ትኩር ብለው አዩት። አናቱ ላይ የቀለም ጠብታ ነበረበት።

«ዋቃዮ! ይቺ የበረቴ አምፖል አይደለችም እንዴ?»

«ናት» አልኩ፤ ምን እላለሁ?

ጫጩቶቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጎንበስ ብለው አንዷን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ጩጪ» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። «ከኔ በረት ነቅለህ እዚህ? በል ግድ የለም፣ ትሙቅ» አሉ። ወተቱን አስቀምጠው ሄዱ። በዚህ ዓይነት ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ፤ አቶ ምትኩ በአንድ ወገን፣ እኛ በአንድ ወገን።

ነገሩ እንዲሁ እየተድበሰበሰ ሊያልፍ ይችል ነበር። ሐሙስ ጠዋት ግን አቶ ምትኩ ደወሉ። ከላይ አንዲት ኃላፊ ለጉብኝት እየመጡ ስለሆነ አንድ አርአያ ቤት መታየት አለበት አሉ። የኦቦ ቱፋ ግቢ ድርቆሽ ነው፣ የራሳቸው የአቶ ምትኩ ደግሞ የኪራይ ቤት ነው። «የእርስዎን ቤት ሳየው ደግሞ መጋረጃዎ ነጭ ነው» አሉኝ። ነጭ የሆነው አንሶላ ስለሆነ ነው። ይህን አልነገርኳቸውም፤ ለመናገር ጊዜም አልሰጡኝ፣ መኪናው ከጽሕፈት ቤቱ ተነሥቷል።

እየሮጥኩ ቢጫዎቹን ሁሉ ነቅዬ ፌስታሉን ምጣድ ሥር ደበቅኩ፤ በየክፍሉ አንዳንድ ቆጣቢ አምፖል አደረግሁ። ጫጩቶቹ ወዲያው ገባቸው። ድምፃቸው ቀጠነ፣ ተንጫጩ፤ ግቢው ሁሉ ሰማ። ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞላሁ፣ በጨርቅ ጠቀለልኩ፣ የቦት ጫማ ካርቶን ውስጥ አስተኛሁት፣ ጫጩቶቹን አንድ በአንድ አፍሼ እላዩ ላይ አደረግኋቸው። አሁንም ይንጫጫሉ። የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። ሌላ የመጣልኝ ሐሳብ አልነበረም፤ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ካርቶኑን ታቀፍኩና ጋቢዬን እስከ አንገቴ ተከናነብኩ።

ኃላፊዋ ገቡ፤ ደልደል ያሉ፣ መነጽር ያደረጉ፣ ደግ ፊት ያላቸው ሴት ናቸው። አቶ ምትኩና ኦቦ ቱፋ ተከተሉ። ልነሣ ብዬ ቃጣሁና ተውኩት።

«አይነሡ፣ አይነሡ። አሞዎታል?»

«ትንሽ ብርድ...» ከማለቴ ጋቢው ውስጥ ተንጫጩ።

ኃላፊዋ ጆሯቸውን ቀና አደረጉ። «ምንድነው?»

ኦቦ ቱፋ ፊታቸው ላይ አንዲት ጡንቻ ሳትንቀሳቀስ «ደረቱ ነው» አሉ። «ብርድ ገብቶበት ነው።»

«ደረት እንዲህ ይጮሃል?»

«የሱሉልታ ብርድ ነዋ፣ እሜቴ። ገብቶ ሲቆይ እንዲህ ነው የሚያደርገው። አባቴንም እንዲሁ ነበር ያደረጋቸው።»

እውነት እንዲመስል ብዬ ስስል ጫጩቶቹ ደነገጡና ባሰባቸው። ኃላፊዋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ አዘኑልኝ። በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። ወይንሸት ናት። ካላነሳሁ እስካነሳ ድረስ እንደምትደውል አውቃለሁ። ሳነሳው ድምፅዋ ሳሎኑን ሞላው፤ «አሰማኝ!»

ሁሉም ያዩኛል። «ባለቤቴ ናት» አልኩ። «ሰበታ ሆና... ደረቴን መስማት ትፈልጋለች።» ስልኩን ጋቢው ውስጥ አስገባሁት። ትንሽ ቆይቶ ከጋቢው ውስጥ የወይንሸት ድምፅ ወጣ፤ «በረዳቸው! በረዳቸው እኮ! ምንድነው ያደረግከው?» ስልኩን በጣቴ ዘጋሁት።

ኃላፊዋ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «እንዴት ያለ ትዳር ነው» አሉ። ከዚያም ወደ አቶ ምትኩ ዞረው «እዩ እንግዲህ» አሉ። «እንዲህ ታመው እንኳ ማሞቂያ አልሰኩም። በጋቢያቸው ነው የቻሉት። አርአያ ማለት ይሄ ነው።»

በማግሥቱ ቆርቆሮው በሬ ላይ ተሰቀለ።

ቆርቆሮውን ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ልምድ ልውውጥ የሚባለውን ነገር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ጥሩ ነገር አለኝ ካለ፣ ሌላው አውቶቡስ ሞልቶ ሊያየው ይመጣል። መጀመሪያ ከቡራዩ መጡ። እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት አቶ ምትኩ «ጋቢው እንዳይቀር» ብለው አሳስበውኛል፤ «ጋቢው ከመልእክት አንጻር ወሳኝ ነው»። ደግሞም በየክፍሉ እየገቡ ስለሚያዩ አምፖሎቹ መነቀል፣ ጫጩቶቹም መሞቅ ነበረባቸው። ስለዚህ ታቅፌ ተቀመጥኩ፣ ደረቴ ተንጫጫ፣ የቡራዩ ሰዎች በዝምታ ከበቡኝ። አንዱ ጎልማሳ እጁን አወጣ። «ሕመሙ የጀመራቸው ከቁጠባው በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«ጥያቄዎ በጣም ጥሩ ነው» አሉ አቶ ምትኩ። የተቀረውን እናንተም ታውቁታላችሁ።

እንግዶቹ ሲወጡ አምፖሎቹን እመልሳለሁ፤ እንግዶች ሲመጡ እነቅላለሁ። ለወይንሸት ስለ አርአያነቴ አልነገርኳትም፤ በስልክ የሚነገር ነገር አልነበረም። ስትደውል እንግዳ ባለበት ሰዓት ከሆነ ቀጭኑን ድምፅ ትሰማለች፣ ሌላ ጊዜ ስትደውል ደህናውን ትሰማለች። «አንድ የሆነ ነገር አለ» አለችኝ አንድ ቀን። «ምንም የለም፣ ደህና ናቸው» አልኳት። ስልኩን ዘጋችብኝ።

ከዚያ ሰበታዎች መጡ። ሰበታዎች ብዙ ነበሩ፤ ሳሎኑ ሞልቶ በረንዳው ላይ ቆሙ። አቶ ምትኩ በዚህ ጊዜ ንግግሩን ተክነውበታል። እኔን በእጃቸው እያመለከቱ «እኚህ ወንድማችን» አሉ፣ «ደረታቸው እንደምትሰሙት ሆኖ እያለ፣ እቤታቸው አንዲት ቢጫ አምፖል የለችም። ኖራም አታውቅም።» እኔ ራሴን በትህትና ዝቅ አደረግሁ። ቀና ስል በረንዳው ላይ፣ ከሰበታ ሰዎች መሐል፣ ወይንሸትን አየኋት።

ኋላ እንደነገረችኝ፣ ነገሬ ስላላማራት ሳትነግረኝ ልትመጣ ተነሥታ፣ የእህቷ ጎረቤት ወደ ሱሉልታ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ባዶ ወንበር አለ አሏት። የማን ቤት እንደሚጎበኝ አልጠየቀችም። አውቶቡሱ የራሷ በር ላይ ሲቆም፣ ቆርቆሮውን ስታነብ ምን እንዳለች አላውቅም፤ ጎረቤትየዋም አልነገሩኝም።

ሰዉን በክርኗ እየገፋች መጣች። አቶ ምትኩ «እባክዎ፣ ጥያቄ በመጨረሻ ነው» አሏት። አልሰማቻቸውም። ፊቴ ቆማ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ሳሎኑ ሁሉ አብሯት አዳመጠ። ካርቶኑ ውስጥ ከማለዳው ጀምሮ ድምፃቸው ቀንሶ ነበርና እኔ ራሴ ሞቋቸው ይሁን ደክሟቸው መለየት አቅቶኝ ነበር የተቀመጥኩት። ጋቢውን ጫፉን ይዛ ገፈፈችው።

እነሱ ናቸው። ተጠጋግተው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው፣ ግማሾቹ ተኝተዋል፤ ክንፋቸው ላይ ላባ ማውጣት ጀምረዋል። ወይንሸት አንዷን አነሣችና ጉንጯ ላይ አደረገቻት። ከዚያ ሌላ አነሣች። ከዚያ ሶፋው አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ «አሉ» አለች። «አሉ፤ ሁሉም አሉ» አለችና አለቀሰች። ወይንሸት የመጀመሪያዎቹ ሲያልቁ አላለቀሰችም ነበር። እኔ በሕይወቴ ብዙ ነገር አልሆነልኝም፤ በዚያች ሰዓት ግን ያ ካርቶን ጭኔ ላይ ስለነበረ ደስ አለኝ፤ ይህን ሳልቀልድ ነው የምነግራችሁ።

የቀረው ሰው ግን ገና አፉን ከፍቶ ቆሟል። ሁሉም አቶ ምትኩን ያያል። አቶ ምትኩ ካርቶኑን ያያሉ። ክራቫታቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጽሕፈት ቤት ገብተው ይቆያሉ ሊሉ ነው ብዬ ካርቶኑን በሁለት እጄ ያዝኩ። ከአቶ ምትኩ ጋር የመጡት ኦቦ ቱፋም ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«እንግዲህ» አሉ አቶ ምትኩ፣ «እንደምታዩት... ይሄ እስካሁን ሆን ብለን ያልገለጽነው ሁለተኛው ምዕራፍ ነው። ያለ ኤሌክትሪክ፣ በሰው ሙቀት ብቻ ጫጩት ማሳደግ።»

ሰበታ አጨበጨበች። ፎቶ አነሡኝ። አንዱ የጋቢውን ውፍረት በጣቱ ለካ።

አውቶቡሱ ሲሄድ ወይንሸት አንድ ቃል ሳትናገር ምጣድ ሥር ያለውን ፌስታል አወጣች፤ እንዴት እንዳወቀች አትጠይቁኝ። ሰርቪሱ እንደገና ሠርግ ቤት ሆነ። አቶ ምትኩ ግን ለካ አልሄዱም፤ ግቢው መሐል ቆመው በሰርቪሱ መስኮት የሚወጣውን ቢጫ ብርሃን እያዩ ነበር። እኔም አየኋቸው። ከዚያ ካፖርታቸውን ቆለፉና ቀስ ብለው «መስኮቱ ላይ መጋረጃ ያድርጉበት» አሉኝ። «ጠቆር ያለ ይሁን።»

እንዲህ ብለው ሄዱ። ነገር ግን ሁለተኛው ምዕራፍ የተባለው ነገር ስም ስለወጣለት መውረዱ አልቀረም። ጫጩት የሚያሳድግ ሁሉ ኤሌክትሪክ ትቶ በጋቢ እንዲጠቀም ተብሎ፣ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞሩብኛል። አልፈርድባቸውም። በጓሮ በር እየመጡ ለሚጠይቁኝ ግን አምፖላቸውን ከፌስታሉ እያወጣሁ እመልስላቸዋለሁ። ጠቆር ያለ መጋረጃም ሱሉልታ ገበያ ላይ አሁን እንደልብ አይገኝም።

የኔ ሥራም አላለቀም። ጫጩቶቹ አድገው ቄብ ሆነዋል፤ ልምድ ልውውጡ ግን እንደ ድሮው ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጋቢዬን ለብሼ ቄብ ታቅፌ እቀመጣለሁ። ቄብ ደግሞ ጥፍር አላት።

ባለፈው ከላይ የመጡት ኃላፊ እንደገና ሊጎበኙን መጡ፤ ብዙ ሰው አስከትለው። አቶ ምትኩ እየተናገሩ ሳለ ቄቧ ጋቢው ውስጥ ተቁነጠነጠች፣ አጉረመረመች፣ ከዚያ ጭኔ ላይ የሆነ ሞቅ ያለ ነገር ተሰማኝ። እጄን አስገብቼ አወጣሁት። እንቁላል ነው፤ ትንሽ፣ ገና የደም ነጥብ ያለበት፣ የመጀመሪያዋ እንቁላል።

ሳሎኑ ጮኸ። ኃላፊዋ ከእጄ ተቀብለው ለሕዝቡ ከፍ አድርገው አሳዩት። «ይሄ» አሉ፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «ይሄ የመመሪያው ፍሬ ነው!» ካሜራዎች ተንጫጩ። አቶ ምትኩ አጨበጨቡ፤ ኦቦ ቱፋ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ወይንሸት ከወጥ ቤት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። ሰዉ መሐል ገብታ፣ ቀና ብላ፣ ከኃላፊዋ እጅ ላይ እንቁላሉን በሁለት ጣቷ አነሣችው።

«የዶሮዬ ነው» አለች፣ በትህትና። ይዛው ገባች።